የጋሽ ማለዳ ጭጋግ

የሰው ልጅ ለሁለት ይከፈላል፤ ቆንጆ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ የሚያይና ቆንጆ ነገር ሲያይ ሰው የሚቀሰቅስ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ ማንንም አያስቸግሩም፤ ስለእነሱ የሚጻፍ ነገርም የለም። ሁለተኛዎቹ ጥቂት ቢሆኑም በየፎቁ አንድ አንድ ታድለዋል። ቀስተ ደመና ከወጣ በር ይደበድባሉ። ጨረቃ ከሞላች ስልክ ይደውሉና "መስኮትህን ክፈት!" ብለው ይዘጉታል። እርስዎም በጎረቤትዎ አንድ ሳይኖርዎት አይቀርም። ዙሪያዎን አይተው "እኛ ጋ የለም" ካሉ፣ ምናልባት ሰውዬው እርስዎ ነዎት።

የእኛ ፎቅ ድርሻ ክቡር ጋሽ ማለዳ ናቸው።

ስማቸው በእርግጥ ይህ አይደለም። ትክክለኛው ስማቸው የደብዳቤ ሳጥናቸው ላይ ተጽፏል፤ ከፖስተኛው በቀር ግን የሚጠቀምበት የለም። "ማለዳ" ያልናቸው እኛ፣ ማለትም በማለዳ የተቀሰቀስነው ተጎጂዎች ነን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ኮሪደርና ማን ይቀይረው በሚል ክርክር ዓመት ጨልሞ የከረመ አንድ አምፖል አለ።

ጋሽ ማለዳ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ በየደረጃው ስር እያጎነበሱ፣ አቧራ የለበሰውን መስታወት በእጅጌያቸው እየወለወሉ ቁጥር ሲያነቡ ኖረዋል። ይህን ማንም እንዲረሳው አይፈልጉም። ቴሌቪዥን ላይ ዳኛ ሲሳሳት፣ ሹፌር የመንገድ ምልክት ሲስት፣ ባለቤታቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው፣ ጋሽ ማለዳ ሌባ ጣታቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው ያነሳሉ። "ይሄ ዓይን" ይላሉ፣ "ሠላሳ አንድ ዓመት በጨለማ ቁጥር ያነበበ ዓይን ነው!" ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

እኔ ደግሞ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ በሰው ስሕተት ስር ሳሰምር እውላለሁ። ደራሲ ሲቆጣ አልፈራም፣ ፕሮፌሰር ሲለምን አልራራም። ይህን ያህል ደፋር ነኝ፤ በወረቀት ላይ። ሌላው ጠባዬ እንቅልፍ መውደዴ ነው። እንቅልፍ ስወድ ልክ የለኝም። የእግዜር ቀልድ ሆኖ ከጋሽ ማለዳ ፊት ለፊት ቤት ተከራየሁ።

ከሰፈራችን ጀርባ፣ የመጨረሻውን ፌርማታ አልፎ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ አንድ ኩባንያ ጎብኚዎችን በትልልቅ የአየር ፊኛ ያንሳፍፋል። ፊኛዎቹ አስራ አራት ናቸው። እያንዳንዳቸው የእኛን ፎቅ ያክላሉ፤ ከስራቸው ሰው የሚሳፈርበት ቅርጫት፣ ከቅርጫቱ በላይ የጋዝ እሳት አላቸው። የሚነሱት ጸሐይ ሳትወጣ ነው፤ ነፋስ የሚተኛው ያኔ ነውና። ነፋስ ሲተኛ ጋሽ ማለዳ ይነሳሉ። ጋሽ ማለዳ ሲነሱ ፎቁ ይነሳል።

ነፋሱን የሚለኩት በባለቤታቸው አሮጌ ስቶኪንግ ነው። በረንዳቸው ላይ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ጫፍ አስረውታል። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሲሆን ወጥተው ባትሪ ያበሩበታል። ስቶኪንጉ ከተወዛወዘ ተመልሰው ይተኛሉ። ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ አለቀልን። ባለቤታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ "የሰው ባል ሚስቱን ፎቶ ያነሳል፤ የእኔው ስቶኪንጌን ሰቅሎ ፊኛ ያነሳል" ይላሉ። ጋሽ ማለዳ ይህን እንደ ምስጋና ነው የሚቀበሉት።

አስር ተኩል ላይ ይመጣሉ። በጣት አንጓ ሦስት ጊዜ ያንኳኳሉ። ከዚያ ድሮ "ቆጣሪ!" ይሉበት በነበረው የሥራ ድምፅ "ፊኛ!" ይላሉ። ያ ድምፅ የመንግሥት ድምፅ ነው፤ ሰው ሳያስበው ይከፍትለታል። የመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ በእንቅልፍ ልቧ "ከፍለናል!" ብላ ጮኸች። እኔ በፒጃማ በሩን ስከፍት ጋሽ ማለዳ ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ እንደ ጠመንጃ ተሸክመው ቆመዋል።

"ጃኬት ልበስ፣ ቆብ አድርግ፣ ፔርሙዙን አንተ ትይዛለህ" አሉኝ።

"የት ልንሄድ ነው ጋሽዬ?"

"እንቅልፍ ሁሌም አለ። ይሄ ግን የለም።"

ቆቡን ልንገራችሁ፤ ኋላ ላይ ይመጣልና። ባለቤቴ በእጇ የሠራችልኝ የሱፍ ቆብ ነው። ቀለሙ ብርቱካን ነው። ልኬን ስትወስድ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ጭንቅላቴን አልፎ ሌላ ግማሽ ጭንቅላት ይይዛል። እሱን አድርጌ ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ አገኘሁ፤ ከምድር ቤት ፀጉር አስተካካዩን፣ ከሁለተኛ ፎቅ ፋርማሲስቷን። ሁለቱም እንደኔው ዓይናቸው አልተከፈተም። "እርስዎም?" "እኔም።" እስረኞች በዚህ ዓይነት ነው የሚተዋወቁት።

እውነቱን ልናገር፤ ሜዳው ዳር ያለው ጉብታ ላይ ስንደርስ አፌን ያዝኩ። ፊኛዎቹ በጨለማው ውስጥ እንደ ተጣለ ድንኳን መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ሠራተኞቹ በትልልቅ ማራገቢያ አየር ይነፉባቸዋል። አንዱ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይቃናል፣ ከዚያ እሳቱ ሲለኮስበት ከውስጡ ቦግ ይላል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። እሳቱ ሲጠፋ መልሶ ይጨልምና ሌላው ይበራል። ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ፍሽሽሽ፣ ከዚያ ጸጥታ። እንቅልፌን ረሳሁት። ይህን ግን ለጋሽ ማለዳ አልነገርኳቸውም፤ ከነገርኳቸው በየቀኑ ሊመጡ ነው ብዬ ነው። ሳልነግራቸውም በየቀኑ መጡ።

ክቡርነታቸው ፎቶ የሚያነሱበት መንገድ ሌላው ጉድ ነው። ዓላማቸው አንድ ነበር፤ አስራ አራቱም በአንድ ጊዜ በርተው ማንሳት። አብራሪዎቹ ደግሞ እሳቱን የሚለኩሱት እያንዳንዳቸው በፈለጉበት ጊዜ ነው። ዘጠኝ ይበራና አምስት ይጨልማል። አስራ ሁለት ይበራል፤ ፀጉር አስተካካዩ "አሁን! አሁን!" እያለ ይዘላል። ጋሽ ማለዳ ጣታቸውን ካሜራው ላይ እንዳደረጉ "ቆይ! ገና ነው" ይላሉ። አስራ ሦስት ይበራል። "ቆይ! ገና ነው።" ጣታችን በብርድ ደንዝዞ፣ አፍንጫችን ፈሶ፣ ጸሐይ ወጥታ፣ ፊኛዎቹ ከነጎብኚዎቻቸው ተራራውን ካለፉ በኋላ "ቀጭ!" ያደርጋሉ። "ለነገ መለማመጃ ነው" ይሉናል።

ያም ሆኖ ያነሱ ነበር፤ ደግሞም ጎበዝ ነበሩ። ጥሩ የወጣውን አሳትመው፣ ፍሬሙን በእጃቸው ሠርተው ለየቤቱ ያድላሉ። ማደል ብቻ አይደለም፤ መሰቀሉን ይቆጣጠራሉ። የቆጣሪ አንባቢ ጠባይ አልለቃቸውም፤ ደብተር ይዘው እየዞሩ የማን ቤት ምን እንደተሰቀለ ይመዘግባሉ። አንድ ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ የሱን ድርሻ ሽርጡን ከሚያንጠለጥልበት በር ኋላ ሰቀለው። ጋሽ ማለዳ ሊቆረጡ መጡ፣ ተቀመጡ፣ አዩ። ከኪሳቸው ሚስማር አወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶው ከመስታወቱ በላይ ነው፤ የሚላጨው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ስለሚያየው ጉሮሮ መላጨት ቀለለኝ ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

ሦስት ዓመት በዚህ ሁኔታ አለፈ። ከዚያ ጭጋጉ መጣ።

አንድ ማለዳ ጉብታው ላይ እንደቆምን ጋሽ ማለዳ ሌንሱን ወለወሉ፣ ዓይናቸውን አሹ፣ እንደገና ወለወሉ። "ዛሬ ጭጋግ አለ" አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ ነበር። ኮከቦቹን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። "ታየዋለህ አይደል?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለፎቃችን አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በእኛ ፎቅ ሰው ሰውን "ተሳስተሃል" አይለውም። "ልክ ነህ፣ ግን..." ይለዋል፤ ከ"ግን" በኋላ የሚመጣው ነገር ደግሞ መጥቶ አያውቅም። ይሉኝታ ነው። እሳቸው አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት በጨለማ ቁጥር ያነበበ ዓይን ነው። እኔ ማን ነኝ? ዓይኔን በጨው አጥቤ "አዎ ጋሽዬ፣ ትንሽ አለ" አልኩ።

አንዴ "አለ" ያልከውን ጭጋግ በማግሥቱ "የለም" ማለት አትችልም። በማግሥቱም ነበረ። በሳምንቱም ነበረ። ፀጉር አስተካካዩ "ዛሬስ በዛ" እያለ ያግዘኝ ጀመር። ፋርማሲስቷ እንኳ፣ መድኃኒት የምትሸጠው ሰው፣ አንገቷን ወደ ጃኬቷ አስገብታ "እርጥበት አለው" ትላለች። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ይዣት "ኧረ አንቺ ንገሪያቸው፣ የሕክምና ሰው አይደለሽም?" አልኳት።

"ደንበኛዬ ቢሆኑ እነግራቸው ነበር" አለችኝ። "ጎረቤቴ ናቸው። አንተ ንገራቸው፣ አራሚ አይደለህም?"

ሁለታችንም ወደየቤታችን ገባን።

ፎቶዎቹ እየደበዘዙ ሄዱ። መጀመሪያ ጫፋቸው ሟሟ፤ ቀጥሎ ፊኛዎቹ የተበተነ ዱቄት መሰሉ፤ በመጨረሻ ፍሬሙ ውስጥ ቀለም ብቻ ቀረ። እኛ ግን ተቀበልን፣ አመሰገንን፣ ሰቀልን። ፀጉር አስተካካዩ "ሕልም ይመስላል" አላቸው። ይህ ቃል ጋሽ ማለዳን እጅግ አስደሰታቸው። ከዚያ በኋላ "ጥራት ያለው ፎቶማ ማንም ያነሳል፤ ሕልም ማንሳት ነው የሚከብደው" እያሉ በየቤቱ ያስተምሩን ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በሬን በጠራራ ፀሐይ አንኳኩ። አዲስ ፎቶ ይዘዋል። ፊታቸው በርቷል።

"ቁጠር!" አሉኝ።

ቆጠርኩ፤ ማለትም የብርሃን ጠብታ የመሰሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ነካሁ። "አስራ አራት... አስራ አምስት?"

"አስራ አምስት! ሁሉም በርተው! ኩባንያው አዲስ ፊኛ አምጥቷል፣ ማንም አላየም፣ ይሄ ዓይን አየ!" ሌባ ጣት፣ ቀኝ ዓይን። "ያቺ ከታች ያለችው ብርቱካኗን እያት፤ ከሁሉም በላይ የበራችው እሷ ናት።"

ብርቱካኗን አየኋት። አወቅኋት። ያን ቀን ጉብታው ስር ጎንበስ ብዬ የወደቀ የፔርሙዝ ክዳን በባትሪ ስፈልግ ነበር። አስራ አምስተኛዋ ፊኛ ከታች በባትሪ የበራው ቆቤ ነው። ቆቡ ውስጥ ደግሞ እኔ አለሁ።

"ምን ትላለህ?" አሉኝ።

"ከሁሉም ትበልጣለች" አልኩ። የዚያኑ ቀን ሳሎን ውስጥ ከሶፋው በላይ ሰቀልኳት። ባለቤቴ ከኩሽና መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየቻት። "ቆብህ አይደለም እንዴ?" አለች። "ዝም በይ" አልኳት።

በዚህ መሳቅ ይቻላል፤ እኔም ስስቅ ነበር። ሳቁ ያለቀው በአንድ ማለዳ ነው። ጋሽ ማለዳ "ከጉብታው ላይ ጭጋጉ አላሳይ አለኝ" ብለው ወደ ሜዳው ወረዱ፤ እኛም ተከተልናቸው። አንደኛው ፊኛ ሊነሳ ገመዱ ተወጥሯል፤ እሳቱ ተለኩሷል። ጋሽ ማለዳ ካሜራቸውን ይዘው ቀጥ ብለው ወደ ገመዱ ሄዱ። "ጋሽዬ!" ብዬ ሳልጨርስ ተደናቅፈው በግንባራቸው ተደፉ። ከእሳቱ የራቁት ሁለት ክንድ ብቻ ነበር። አንድ ደንዳና የኩባንያው ሠራተኛ በጃኬታቸው ይዞ አነሳቸው።

"አባት! አይታይዎትም እንዴ? ይሄን የሚያህል ገመድ!"

"በዚህ ጭጋግ ማን ያያል?" አሉ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

"የምን ጭጋግ?" ሠራተኛው ዙሪያውን አየ። "ጭጋግ ካለ እኛ አንነሳም እኮ። ሕጋችን ነው። ፊኛ በጭጋግ በርሮ አያውቅም።"

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር አንዳችንም አላሰብነውም። ጋሽ ማለዳ ወደ እኔ ዞሩ። ግንባራቸው ላይ ሣር ተለጥፏል።

"ንገረው እስቲ" አሉኝ። "ጭጋግ አለ፣ የለም?"

ፋርማሲስቷን አየኋት፤ የጫማዋን ማሰሪያ ትመረምራለች። ፀጉር አስተካካዩን አየሁት፤ የፔርሙዙን ክዳን እያጠበቀ ይፈታል። እሳቱ እዚያው አጠገባችን ይነድዳል። እንደገና "አለ" ብል ነገ እዚህ ቦታ ማን እንደሚያነሳቸው አላውቅም።

"የለም፣ ጋሽዬ።"

"ትናንትስ?"

"የለም።"

"አስራ አምስት የሆኑ ጊዜስ?"

"ያን ጊዜም የለም።"

ካሜራቸውን ዘጉ፣ የማቆሚያውን ሦስት እግር አንድ በአንድ አጠፉ። "ሁለት ዓመት" አሉ። "ሁለት ዓመት አሞኛችሁኝ።" ክንዳቸውን ልይዝ ስጠጋ መነጨቁኝ። ብቻቸውን ወደ ቤት ሄዱ፤ እኛ ቢወድቁ ለመያዝ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላቸው ተከተልን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ በኋላ ማንም አላንኳኳም። ሃያ ሦስት ቀን። ስመኘው የኖርኩት እንቅልፍ መጣልኝ፤ እኔ ግን በየቀኑ አስር ተኩል ላይ ዓይኔ ይፈጣል። ጣሪያውን እያየሁ አዳምጣለሁ። ባለቤቴ ሳትገላበጥ "ተኛ፣ ማንም አላንኳኳም" ትለኛለች። ደረጃው ላይ ከተገናኘን ጋሽ ማለዳ ግድግዳውን ይዘው ያልፉኛል፤ ሰላምታዬን አይመልሱም። ሰው ሲኮርፈኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ሥራዬ ማስኮረፍ ነው። ይሄን ኩርፊያ ግን የማርምበት ቀይ እስክሪብቶ አልነበረኝም።

በሃያ አራተኛው ቀን እትዬ መጡ። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነጠላ ጫማቸውን እያዩ ነገሩኝ። ሞራ ነው፤ የሁለቱም ዓይን። ሐኪሙ ቀኙ ይድናል ብሏል። የግራው ሞራ ግን ቆይቶ ደርቆ ነርቩን ጎድቶታል፤ "ለምን እስካሁን ቆያችሁ?" ብሎ ተቆጥቷቸዋል። ኦፕራሲዮኑ ሐሙስ ነው።

"በእኔ ነው እትዬ" አልኩ። "ያን ጊዜውኑ ብነግራቸው ኖሮ..."

"አንተማ ሜዳ ላይ ነው የዋሸኸው" አሉኝ። "እኔ ምን ልበል? ሳሎን ተቀምጠን፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ 'ጭጋጉ ቤት ገባ እንዴ?' ሲለኝ 'አዎ፣ ገብቷል' ብየዋለሁ።" ልስቅ አልኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። "ሥራውን ከተወ ወዲህ የቀረችው ያቺ ዓይኑ ነበረች። እንዴት ብዬ ልንጠቀው?"

ሁለታችንም አለቀስን ብል ይጋነናል። እትዬ አለቀሱ፤ እኔ የኮሪደሩን አምፖል ልቀይር ወጣሁ። ከዓመት በኋላ ማለት ነው። ጋሽ ማለዳ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ የመጨረሻውን ደረጃ በብርሃን እንዲወጡት ፈልጌ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ተደረገ፤ መጀመሪያ ቀኙ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግራው። ቀኙ ተሳካ። ግራው ብርሃንና ቀለም ይለያል፤ ፊት አይለይም፤ ከዚህ በኋላም አይለይም። ይህን የነገረችኝ ፋርማሲስቷ ናት። ሁለት ዓመት ቀደም ብንል ኖሮ ብለን ሁለታችንም አሰብን፤ ሁለታችንም ይህንንም አልተናገርንም።

ከዚያ አንድ ማለዳ፣ አስር ተኩል ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

"ፊኛ!"

ባለቤቴ እንደ መጀመሪያው ቀን "ከፍለናል!" አላለችም። "ሂድ፣ ሂድ!" ብላ በእግሯ ገፋችኝ። በሩን ስከፍት ጋሽ ማለዳ አዲስ መነጽር አድርገው ቆመዋል። አላቀፉኝም፣ ሰላምም አላሉኝም። አምፖሉን ቀና ብለው አዩት፣ እኔን አዩኝ። "አርጅተሃል" አሉኝ። "ቆብህን አድርግ።"

ጉብታው ላይ አራታችንም ቆምን። እሳቱ መለኮስ ሲጀምር ጋሽ ማለዳ ካሜራውን አላነሱም። ሌባ ጣታቸውን ዘርግተው እየጠቆሙ በሹክሹክታ ቆጠሩ። አንዱን ቀለሙን፣ አንዱን ጥለቱን፣ አንዱን ቅርጫቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይቀር አነበቡ።

"አስራ አራት" አሉ በመጨረሻ። ወደ እኔ ዞሩ። "አስራ አምስተኛው የት ገባ?"

"ቤት ነው ያለው ጋሽዬ" አልኩ።

አልገባቸውም፤ በማግሥቱ ግን ገባቸው። ጋሽ ማለዳ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ ይዘው የጭጋጉን ዘመን ፎቶ ለመሰብሰብ ተነሱ። በደብተራቸው የማን ቤት ምን እንዳለ ያውቃሉ፤ ማንም ሊደብቃቸው አልቻለም። ከፋርማሲስቷ ሦስት፣ ከፀጉር አስተካካዩ አምስት ወሰዱ። ጩኸታቸው በደረጃው ይሰማል። "ይሄን ሰቀልሽ? ይሄ ምንድን ነው? የፈሰሰ ሾርባ ነው! አንተስ፣ ይሄን ሕልም ይመስላል ትለኛለህ? ምን ዓይነት ሕልም ነው የምታልመው?" ሁለት ዓመት ያልተናገርነውን በአንድ ሰዓት ራሳቸው ተናገሩልን።

የእኔ በር መጨረሻ ነበር። ገቡ፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ቆሙ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው በቀኝ ዓይናቸው ተጠጉ። ብርቱካኗ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው በር ላይ የተንጠለጠለውን ቆቤን አዩ። እንደገና ፎቶውን። እንደገና ቆቡን።

"ይሄ ፊኛ አይደለም" አሉ።

"አይደለም ጋሽዬ።"

"ይሄ አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ።"

ጆሯቸው ቀላ። "አንድ ዓመት ሙሉ ወደዚህ ሳሎን ስመጣ፣ ለእንግዳ ሁሉ 'አስራ አምስተኛዋ' እያልኩ ሳሳይ..." አልጨረሱትም። እጃቸውን ዘረጉ። "ስጠኝ። ይቀደዳል።"

"አልሰጥም።"

"የእኔ ፎቶ ነው!"

"የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ሌላውን ሁሉ ይውሰዱ። ይቺን አልሰጥም" አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ማለቱ እኔኑ አስደነገጠኝ። እሳቸውን "አይሆንም" ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። "እኔ ጋሽዬ ከፍታ እፈራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እንኳ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። በሕይወቴ የበረርኩት እዚህ ላይ ብቻ ነው። ያበረሩኝም እርስዎ ነዎት።"

ጋሽ ማለዳ ማዳበሪያውን እንደያዙ ቆሙ። ፍሬሙ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፤ ጠጋ ብለው በአንድ ጣታቸው አቃኑት። "ስቶኪንጉን አየሁት" አሉ ወደ በሩ እየሄዱ። "ነገ ነፋስ የለም።"

አሁን ምስጢር ልንገራችሁ፤ ይህ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ጋሽ ማለዳ በማጉያ መነጽር ስለሚያነቡት እዚህ መስመር ለመድረስ ጊዜ ይወስድባቸዋል። እኔ አሁን አስር ሰዓት ላይ ነው የምነሳው። በረንዳቸው ላይ ባትሪው ቦግ ሲል በመስኮቴ አያለሁ። ልብሴን እለብሳለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ ፔርሙዙን ሞልቼ፣ ቆቤን አድርጌ ጨለማ ውስጥ በሬ ኋላ እቆማለሁ። የእሳቸው በር ሲከፈት፣ ሁለቱን እርምጃ ሲራመዱ፣ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እሰማለሁ። ሦስቴ እስኪያንኳኩ ድረስ ግን አልከፍትም።